የግራ ጎድንህ ሦስት አጥንቶች

አባዬ፣

ከተለያየን ሰባት ዓመት ከአራት ወር ሞላን። እንዴት ሰነበትክ ልልህ ነበር፤ ግን ባለፈው ቅዳሜ በዓይኔ ስላየሁህ መጠየቁ ከንቱ ነው። ከስተሃል። በጣም ከስተሃል።

ይኸው ጀመረው ትላለህ። ምን ላድርግ፣ በቀልድ ካልጀመርኩ እጄ አልጽፍ ይለኛል። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለቀልድ አይደለም። አሥር ዓመት የደበቅኩት ነገር ቅዳሜ ጠዋት ከመቃብር ወጥቷል፤ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። ባላወጣው ኖሮ ጎረቤታችንን አናጢውን ጋሽ ተሰማን በአንተ ፈንታ አንኮበር ወስደን ከእናታችን ጎን ልናስተኛው ነበር። አንተም ደብረ ብርሃን ላይ ማንም የኔ ነው ሳይልህ ልትቀር።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፣ ትንሽ ልብ እንድገዛ። ቤታችን እንዳለ ነው። ጣሪያው ግን ተቀይሯል፤ አዲሱን ቆርቆሮ ነፋሱ ቢያብድም አይነቅለውም፣ ድንጋይ የሚጭንበት ሰው አያስፈልግም። ብርዱ እንደተውከው ነው። እኅቴ እትዬ ዘነቡ አረርቲ ናት፤ ልጆቿ ሦስት ደርሰዋል፣ ትንሹ ቁጣው ያንተ ነው። እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር ተለያየን፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን ያከራክራል። አሁን ባጃጅ እነዳለሁ። ከኋላዋ «ሹፌሩ ለማጅ ነው፣ ጸልዩለት» ብዬ አስጽፌ አንድ ቄስ ገና ሳይሳፈሩ አማትበው በእግራቸው ሄደውብኛል።

ከትምህርት ቤት የተለያየንበትን ምክንያት ብታውቀው በቀበቶ ትከተለኝ ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ የላስቲክ አፅም ነበረን። አንድ ጠዋት ካፖርት አልብሼ፣ ባርኔጣ ደፍቼለት፣ የስም መጥሪያ ደብተር አስይዤው መምህራን ማረፊያ ክፍል አስቀመጥኩት። አንዲት መምህርት «እንደምን አደሩ» ብላው አጠገቡ ተቀመጠች አሉ። ቅጣቴ አንድ ወር ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየገባሁ ያንን አፅም መፈታታትና መልሶ መግጠም፣ የእያንዳንዱንም አጥንት ስም መጥራት ነበር። የራስ ቅል ሃያ ሁለት አጥንት። አከርካሪ አንገት ላይ ሰባት፣ ጀርባ ላይ አሥራ ሁለት፣ ወገብ ላይ አምስት። የጎድን አጥንት በየጎኑ አሥራ ሁለት። ወሩ ሲያልቅ እኔም ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፣ አልተመለስኩም። ከዚያ ሁሉ ዓመት ትምህርት የቀረኝ ይኸው ነው፤ ሌላውን ለመምህራኑ መልሼላቸዋለሁ።

ያኔ የጎድን አጥንቶቹን ስገጥም መሃል ላይ እጄን እሰበስብ ነበር። መምህራችን ፈርቶ መስሎት «አይነክስህም» ይለኝ ነበር። በግራ በኩል ሰባተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ነበር የምሰበስበው። ያንተን ስለማውቃቸው።

አባዬ፣ ያን ቀን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። ወይም የምታውቀውን። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ድንጋይ ልትጭንበት ወጣህ። ጋሽ ተሰማ በሠራልን መሰላል። እኔ ታች ነበርኩ። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ድንጋዩን ስታስተካክል መሰላሉን ቀስ ብዬ አነሣሁና ከኩበቱ ቁልል ኋላ ተደበቅኩ። እንድትጣራ ነበር የፈለግኩት። «አንተ ታምሩ! አንተ ቀጣፊ! መሰላሉን አምጣ!» እንድትል፣ እኔም ሳቄን አፍኜ ጥቂት እንዳስጠብቅህ። በቃ ይኸው ነበር። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አንተ ግን ወደ ታች አላየህም። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ጀርባህን ወደ ግቢው አዙረህ እግርህን አወረድክ። እግርህ አየር ላይ ዞረ፤ አንድ ጊዜ ፈለገ፣ ሁለተኛ ፈለገ። አየሁት። ከዚያ እጅህ አመለጠህና በጀርባህ የካቡ ጠርዝ ላይ ወደቅክ። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

መሰላሉን ጎትቼ አምጥቼ አጠገብህ ጣልኩት። ዓይንህን ስትገልጥ መጀመሪያ መሰላሉን አየህ፤ ቀጥሎ እኔን አየህ። ትንፋሽህ እየተቆራረጠ «ተንሸራተተ፣ አይደል?» አልከኝ። አዎ አልኩህ። ጠየቅከኝ ወይስ መልሱን ራስህ ሰጠኸኝ? አሥር ዓመት አሰብኩት፣ አልተፈታልኝም።

ለሰው ግን እኔ ነኝ ያወራሁት፤ ያየሁ እኔ ብቻ ነበርኩና። መሰላሉ እግሩ እኩል ስላልነበረ ተንሸራተተ፣ አባዬም መሰላሉን እንደታቀፈ በደረቱ ወደቀ አልኩ። ታሪኩ እንዲያምር በደረቱ አልኩ። እትዬ ዘነቡ ከአረርቲ በዓመት በዓል ስትመጣ ይህንኑ ነገርኳት። አንተ ለሴት ልጅህ ልብስህን ገልጠህ አታሳይ፤ «ጎኔን ነው፣ ይሻለኛል» ብቻ አልካት። ቁስሉ የት እንዳለ የምናውቀው ወጌሻውና እኔ ነበርን፤ ወጌሻው ደግሞ ዛሬ በሕይወት የለም። እሱ ካሠረህ በኋላ በየቀኑ ቅቤ የማሽህ እኔ ነበርኩ። ከአከርካሪህ አራት ጣት ፈቀቅ ብሎ፣ ሦስቱ አጥንቶች እንደ ገመድ ቋጠሮ ሆነው ሲገጥሙ በጣቴ ተከታትያቸዋለሁ።

እትዬ ዘነቡ ጋሽ ተሰማን ጠላችው። ወልጋዳ መሰላል ሠርቶ አባቴን ጣለብኝ አለች። አንተ «ተዪው፣ ሰውየው ምን አደረገ» እያልክ ከእሱ ጋር መጠጣትህን አልተውክም። እሷ ግን ሰላምታውን መቀበል ተወች፤ ሲሞት እንኳ ለቅሶ አልደረሰችም። ከስምንት ወር በኋላ፣ ከወደቅክ በሦስተኛው ክረምት፣ ያ ሳል ደረትህን ይዞ አንተን ሲወስድህ ደግሞ ጥላቻዋ ወደ ልጁ ወደ አስካለ ዞረ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንደ ሥራ የሚለመድ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልምጣ።

ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ሕንፃ ሊጀምር ነው። በምሥራቅ በኩል የተቀበረ ዘመድ ያለው አፅሙን ያንሣ፣ ያልተነሣው ባንድ ጉድጓድ ይሰበሰባል ተብሎ ተነገረ። እትዬ ዘነቡ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፣ ቀጥላም ደስ አላት። አንኮበር ከሚስቴ አጠገብ አድርጉኝ ብለህ ነግረሃት ነበር፤ ያኔ ክረምቱ መንገዱን ዘግቶት አልሆነልንም። አሁን ሊሆን ነው።

ችግሩ አንተና ጋሽ ተሰማ በቤት ጎረቤት እንደነበራችሁ በመቃብርም ጎረቤት መሆናችሁ ነው። የእንጨት መስቀላችሁን ቀለም ዝናብ አጥቦታል። ሜዳውን የመነጠሩት ሠራተኞች ደግሞ መስቀሉን ሁሉ ነቅለው አንድ ጥግ ከምረውታል። በመሃላችሁ አንድ እርምጃ የለም። ቁመታችሁ እኩል፣ መግነዛችሁ አንድ ዓይነት አቡጀዲ፣ ጥርሳችሁም እኩል ያለቀ። የትኛው ጉድጓድ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

ጠዋት ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ቄሰ ገበዙ ጸሎት አደረሱ፤ ቆፋሪው ጋቢውን ጥሎ ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ ገባ። እትዬ ዘነቡ ለአንተ መጠቅለያ ያስፈተለችውን አዲስ ጋቢ በደረቷ ይዛለች። አስካለ ከማዶ ቆማለች። ሰላም አልተባባሉም።

የራስ ቅሉ ሲወጣ አስካለ «ይሄ የአባቴ ግንባር ነው» አለች።

«የማን ግንባር?» አለች እትዬ ዘነቡ። «የአባቴን ግንባር አላውቀውም ልትዪኝ ነው?»

የራስ ቅል ቆዳና ፀጉር ሲለየው የማንም አይመስልም፤ ወይም የሁሉንም ይመስላል። ፈገግ ስላለ ጋሽ ተሰማ ነው፣ አንተ መች ትስቅ ነበር ልል ብዬ ዋጥኩት። አየህ፣ አንዳንዴ እችላለሁ።

ቀጥሎ ደረቱ ወጣ። ቆፋሪው የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ ሸራው ላይ ደረደራቸው። በቀኝ አሥራ አንድ ቆጠረና «ወንድ አይደል፣ አንዷ ለሔዋን ሄዳለች» አለ፣ ከምሩ። አሥራ ሁለት ነው ብለው አላምን አለኝ። ወርጄ አፈሩን በጣቴ ስፈልግ አጭሯን፣ የመጨረሻዋን አገኘኋት። «ይኸው፣ ሔዋን መልሳለች» አልኩት። ቄሰ ገበዙ በመነጽራቸው ላይ አዩኝ።

ያኔ ነው ሁላችንም ያየነው። ከፊት በኩል፣ ወደ ደረት አጥንቱ ጠጋ ብሎ፣ ሁለቱ ተሰብረው የገጠሙ ነበሩ።

«በቅሎዋ!» አለች አስካለ። «ጣርማ በር ለእንጨት ሄዶ በቅሎ ደረቱን የረገጠችው! ይኸው አባቴ!»

«የምን በቅሎ ታመጪብኛለሽ!» እትዬ ዘነቡ ሸራውን ያዘች። «በደረቱ የወደቀው ማን ሆነና ነው? ያውም በአባትሽ መሰላል! ገድሎት አልበቃ ብሎ ዛሬ ደግሞ አፅሙን ልትወስጂብኝ!»

አስካለም የሸራውን ሌላ ጫፍ ያዘች። አጥንቶቹ መሃል ላይ ተንሸራተቱ። ቄሰ ገበዙ «ልጆቼ፣ ኧረ ልጆቼ፣ በመቃብር ላይ» ይላሉ። ሁለቱም አልሰሙም። አባዬ፣ ሁለቱ ሴቶች ጋሽ ተሰማን ይሻማሉ፤ አንተ አጠገባቸው አፈር ውስጥ ተኝተሃል፣ ማንም አይፈልግህም። ያን ያደረገው እኔ ታሪኩን ለማሳመር የጨመርኳት አንዲት ቃል ናት።

እትዬ ዘነቡ ወደኔ ዞረች። «አንተ አይተሃል። በምኑ ነው የወደቀው? ንገራቸው!»

«በደረቱ» ብዬ ብደግመው ያልቅ ነበር። ለአንድ አፍታ ልደግመውም ነበር፣ አልዋሽህም። ጋሽ ተሰማ አንኮበር ላይ ደህና ይተኛል፣ ምን ቸገረው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እናቴን አሰብኩ። እስከ ዕለተ ምጽአት አናጢ ጎኗ ተኝቶ፣ አንተን ስትጠብቅ።

«በጀርባው» አልኩ።

ከዚያ የእትዬ ዘነቡ ፊት ተለወጠ። «ዛሬ እንኳ?» አለችኝ። «ዛሬ እንኳ አትተወንም ታምሩ?»

አላመኑኝም። አስካለ እንኳ «ይሄ ቀልደኛ» ብላ ፊቷን አዞረች። ዕድሜ ልኬን ውሸት ስናገር የሚያምነኝ ሰው አላጣሁም፤ እውነቱን ስናገር አንድም አልተገኘ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። መሰላሉን፣ ኩበቱን፣ እግርህን። የጋሽ ተሰማ መሰላል ቀጥ ያለ እንደነበረ። ቄሰ ገበዙም ሰሙ፣ ቆፋሪውም አካፋውን ተደግፎ ሰማ።

«ሁለተኛው ጉድጓድ ገና አልተቆፈረም» አልኩ። «አልነካም፣ አልጠጋም። በግራ፣ ከላይ ሲቆጠር ሰባተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው፣ ከአከርካሪው አራት ጣት ላይ ተሰብረው ገጥመዋል። ካልሆነ ጋሽ ተሰማን ውሰዱ፣ እኔንም ውሸታም በሉኝ።»

ቄሰ ገበዙ ራሳቸው እጃቸውን ጠቅልለው ከጉድጓዱ አፋፍ ቁጭ አሉ። ቆፋሪው ሁለተኛውን ቆፍሮ ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው የግራ ጎድን ደህና ነው። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው ደህና። ቄሰ ገበዙ እያንዳንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል፤ ወደ አከርካሪው በኩል ሲደርሱ ቀስ ይላሉ። አራተኛው ደህና። አምስተኛው ደህና። ከተሰበረ በኋላ በኖረበት ሦስት ዓመት የአጥንቱ ቋጠሮ ጠፍቶ ይሆን እላለሁ በልቤ። ጠፍቶ ከሆነ አባቴን ጥዬው ነው የምሄደው። ስድስተኛው ደህና።

ሰባተኛው ላይ የቄሰ ገበዙ አውራ ጣት ቆመ። ወደ ኋላ መለሱት፣ እንደገና አሳለፉት። አጥንቱን ለእትዬ ዘነቡ ዘረጉላት። ስምንተኛውን። ዘጠነኛውን። ሦስቱም ባንድ መስመር ላይ፣ የካቡ ጠርዝ ልክ።

እልል የሚል አልነበረም። እትዬ ዘነቡ ሦስቱን በመዳፏ ይዛ ብዙ ቆመች። ትመታኛለች ብዬ ጉንጬን አዘጋጅቼ ነበር፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ወደ አስካለ ሄደች። ለአንተ ያስፈተለችውን አዲሱን ጋቢ ሸራው ላይ ዘርግታ ጋሽ ተሰማን በእሱ መጠቅለል ጀመረች፤ ከራስ ቅሉ ጀምራ፣ እንደ ሕፃን። አስካለ መጀመሪያ ልትከለክላት እጇን ሰነዘረች፤ ከዚያ ተወችና ሌላውን ጫፍ ያዘችላት። አባዬ፣ አንተ በአሮጌ ነጠላ ነው የተጠቀለልከው። ቅር እንዳይልህ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሳጥንህ ጭኔ ላይ ነበር። እትዬ ዘነቡ ከፊት ተቀምጣለች። የአንኮበር ጠመዝማዛ መንገድ ሲጀምር ሳትዞር አንዲት ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«እግሩ ሲፈልግ፣ አፍህ የት ነበር?»

አባዬ፣ ሁለት ጊዜ ነው የፈለገው እግርህ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል «አባዬ» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበር። እኔ ሳቄን በእጄ አፍኜ ነበር። ይህን ሳልነግርህ ሌላውን ሁሉ ብነግርህ ምን ይጠቅማል። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘነቡ አላናገረችኝም። ስልክ አታነሣም። ጋሽ ተሰማን ይቅርታ ለመጠየቅ አስካለ ቤት እሑድ ሄዳለች አሉ፤ የኔ ተራ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ተራ ይኑረኝ አይኑረኝም አላውቅም። እኔ አጠፋሁ። አውቄ አልጣልኩህም፤ ዝም ያልኩት ግን አውቄ ነው።

ከእናታችን አጠገብ ነህ። ቆላው በሙሉ ከታችህ ይታያል። ቄሱ ወደ ጉድጓዱ ሳያወርዱህ፣ አንዴ ልየው ብዬ ሳጥኑን አስከፍቼ ሁሉን በየቦታው አስተካከልኩህ፤ መምህራችን ቢያይ ሙሉ ማርክ ይሰጠኝ ነበር። ወገብህ አምስት፤ ሁለቱ በተሸከምከው ጆንያ ብዛት ተጣብቀዋል። ጀርባህ አሥራ ሁለት። አንገትህ ግን ስድስት ሆነብኝ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ስድስት። ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ እትዬ ዘነቡ ታየኛለች። አንድ አንገት ጎደለ ብል ማን ያምነኛል? ዝም ብዬ ክዳኑን ገጠምኩ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ብቻዬን ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ ወደ ጉድጓድህ ሮጥኩ። ሠራተኞቹ ቀድመውኛል። ድንጋይ ተሞልቶበት ሲሚንቶ እየፈሰሰበት ነበር። ምን ጠፋህ አሉኝ። ምንም አልኳቸው። ፕላኑን ጠየቅኳቸው፤ በወንዶች መግቢያ በኩል፣ ሦስተኛው ደረጃ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው አሉኝ።

እንግዲህ አባዬ፣ ሕንፃው ሲያልቅ ሕዝቡ ሁሉ በዚያ ይገባል። እኔም እገባለሁ። ሁለተኛውን እረግጣለሁ፣ ሦስተኛውን ዘልዬ አራተኛው ላይ አርፋለሁ። ሳረጅም፣ ጉልበቴ ሲከዳኝም፣ በምርኩዝም ቢሆን እዘለዋለሁ። ከኋላዬ ያሉት ያ ታምሩ ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ይጫወታል ይላሉ። ይበሉ። አልመልስላቸውም።

ልጅህ ታምሩ